ቀዩ ቀለም ግድግዳ ላይ ሲወጣ ለምን ሌላ ይሆናል?

ለሳሎኔ የበርበሬ ቀይ ፈልጌ ከካታሎግ መረጥኩ። ቀን ላይ በጣም አማረ። ማታ መብራት ሳበራ ግን የደረቀ ደም መሰለ፣ ክው ነው ያልኩት። በሚመሳሰሉ ቀዮች መሀል ግራ ለተጋባችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

"ሱቅ ውስጥ ሁሉም አንድ ሆነብኝ።" ናሙናዋ ትንሽ ናት፣ አጠገቧ ያለው ቀለምም ዓይን ያታልላል። የምታወዳድሯቸውን ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አድርጓቸው። ያኔ አንዱ ወደ ብርቱካን፣ ሌላው ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ቡናማ እንደሚያደላ ይታያችኋል። በራል (RAL፣ ቀለሞችን በቁጥር የሚለይ የአውሮፓ መለያ) ኮድ 3003 እና 3011 ለየብቻ ሲታዩ ይቀራረባሉ፤ ሲጠጋጉ ግን የ3011 ቡናማነት ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

"ቀን ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው።" የኔ ችግር ይሄ ነበር፤ ጥፋተኛው አምፖሉ ነው። ማሸጊያው ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የተጻፈበት ነጭ ኤልኢዲ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ርካሽ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ ውስጥ ያለው ጥልቅ ቀይ በጣም ትንሽ ስለሆነ ግድግዳው መልሶ የሚያንፀባርቀው ያጣና ይጠቁራል። ከቀባችሁ በኋላ ከሆነ የነቃችሁት፣ መጀመሪያ አምፖሉን ወደ ቢጫ በሚያደላው፣ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን በተጻፈበት ቀይሩ፤ እንደገና ከመቀባት በብዙ ይረክሳል። ገና ካልቀባችሁ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ሁለት እጅ ቀቡና አድርቁት፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታም መብራት አብርታችሁ እዩት። ቤት የምትቀመጡት ማታ ከሆነ ማታ ያማረውን ያዙ። ቀለም ሲደርቅ ስለሚለወጥ እርጥቡን አይታችሁ አትወስኑ።

"ከናሙናው ይልቅ ጮኸብኝ።" አራቱም ግድግዳ ቀይ ሲሆን አንዱ የሌላውን ቀይ እያንፀባረቀ ያደምቀዋል። አንድ ደረጃ ደብዘዝ ያለውን ውሰዱ፣ ወይ አንድ ግድግዳ ብቻ ይበቃል።

"ሦስት እጅ ተቀብቶም አልሸፈነም።" ቀለም ቀቢውን አትቆጡት። ብዙ ደማቅ ቀዮች በባሕርያቸው ሥሩን ያሳያሉ። ከሥር ነጭ ሳይሆን ግራጫ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ) አስቀቡ። ወደ ሸክላ የሚያደሉት፣ ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት ቀዮች በደንብ ይሸፍናሉ፣ ፀሐይም ይችላሉ። ሁለት ቀይ እኩል ከወደዳችሁ እኔ ያለማመንታት የምመርጥላችሁ ይሄንን ነው።

የገዛችኋቸው ባልዲዎች ውስጥ ያለው ቀለም ትንሽ ከተለያየ ደግሞ ሳትጀምሩ አንድ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ደባልቋቸው። ኮዱን ጽፋችሁ የተረፈውን አስቀምጡ፤ ግድግዳው ሲጫር ትፈልጉታላችሁ።