ከሞዴል ባቡር መጽሔት ላይ የወደዳችሁትን ፕላን በቤታችሁ መደርደሪያ ላይ እንዴት መሥራት እንደሚቻል

የሞዴል ባቡር መጽሔት እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ፎቶውን ጠግባችሁ እዩት። ሁለት ሦስት ቀን ማገላበጥ ነውር የለውም፤ የታተመውም ለዚያ ነው። ሥራው የሚጀምረው ግን ብዙ አንባቢ በሚዘለው ገጽ፣ በሐዲዱ ፕላን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካ ውስጥ የጀመረው «ሞዴል ሬይልሮደር»ም ሆነ በ1949 እንግሊዝ አገር የጀመረው «ሬይልዌይ ሞዴለር» የሰው ሥራ ሲያሳዩ ከፎቶው ጋር ፕላን ማውጣት የቆየ ልማዳቸው ነው። ፕላን ማንበብ ለቻለ ሰው አንድ እትም ለወራት ይበቃዋል።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ሎኮሞቲቩም ሐዲዱም የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። አንድ የሐዲድ መገንጠያ (አንዱን መስመር ለሁለት የሚከፍለውን ቁራጭ) ተሳስቶ ማስመጣት ማለት ቀጣዩን መንገደኛ መጠበቅ ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ሥራ ዋናው የሚሠራው ዕቃ ከመታዘዙ በፊት፣ በወረቀትና በካርቶን ነው።

ፕላን አመራረጥ

ትልቅ ሥራን አሳንሳችሁ አትገልብጡ። ምድር ቤት ሙሉ የያዘ ሥራ 3 በ4 ሜትር ክፍል ውስጥ ሲጨመቅ የሚተርፈው ጥምዝ ብቻ ነው፤ ጥምዙ ሲጠብም ረጃጅም ፉርጎዎች ከሐዲድ ይወጣሉ። ይልቅ ከትልቁ ሥራ አንድ ጥግ ቁረጡ፦ አንድ ጣቢያ፣ አንድ የፋብሪካ መጫኛ ወይም አንድ ድልድይ።

መጽሔቶቹ ላይ ደጋግማችሁ የምታዩት 4 በ8 ጫማ ፕላንም ያታልላል። መጠኑ የመጣው ከአንድ ሙሉ ኮምፖልሳቶ ነው፤ 122 በ244 ሴሜ፣ እኛም ጋ የሚሸጠው ያው ነው። ነገር ግን 122 ሴሜ ስፋት ያለው ጠረጴዛ ግድግዳ ሥር ከገባ ወዲያኛው ጫፍ እጅ አይደርስም። በምቾት የሚደረስበት 60 ሴሜ፣ ቢበዛ 75 ነው። ከዚያ ያለፈ ቦታ ላይ የወደቀ ፉርጎ ለማንሳት ስትንጠራሩ በክንዳችሁ የፊተኛውን ዛፍና ቤት ትጠርጋላችሁ።

ለመጀመሪያ ሥራ የሚሻለው እንግሊዛዊው አለን ራይት የሠራው «ኢንግልኑክ ሳይዲንግስ» ነው። 2 መገንጠያና 3 ማቆሚያ መስመር ብቻ ነው ያለው። አንዱ መስመር 5 ፉርጎ፣ ሁለቱ 3፣ 3 ፉርጎ ይይዛሉ። መመላለሻው መስመር፣ ማለትም ሎኮሞቲቩ ፉርጎ እየጎተተ የሚወጣበትና እየገፋ የሚመለስበት፣ ደግሞ ሎኮሞቲቩንና 3 ፉርጎ ይይዛል። የሚሰማሩት ፉርጎዎች 8 ናቸው። ፉርጎዎቹን በታዘዘው ተራ አሰልፎ ማውጣት ራሱ ጨዋታ ስለሆነ ክብ ሐዲድ አያስፈልገውም። የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አድርጋችሁ ብትሠሩት ያምርበታል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ምሳሌ ሁሉ በዚሁ ነው።

ልኬት

በኮምቦልቻ በኩል የተዘረጋው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሀራ ገበያ ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሜ ነው። ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሜ ይመጣል፤ ኤችኦ የሚባለው የ1፡87 ልኬት ሐዲድ ልክ ይኸው ነው። የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር ግን ባለ 1 ሜትር ስፋት ስለነበር በዚሁ ልኬት 12 ሚሜ ሐዲድ ይፈልጋል። የድሬዳዋን ወይም የለገሃርን ጣቢያ መሥራት የሚመኝ ሰው 16.5 ከገዛ መልኩ አይመጣለትም።

የእንግሊዝ መጽሔቶች ላይ የሚበዛው ኦኦ 1፡76 ሆኖ የሚሄደው በዚያው በ16.5 ሐዲድ ነው። ፕላኑ ስለዚህ ይሠራላችኋል፤ ፉርጎዎቹና ቤቶቹ ግን ከኤችኦ ጎን ሲቆሙ ይገዝፋሉ፣ አትቀላቅሉ። ቦታ ለጠበበው ኤን አለ፦ 1፡160፣ ሐዲዱ 9 ሚሜ። የኤችኦን ርዝመት በ0.54 ማባዛት ነው። ጣታችሁ ግን በ0.54 እንደማይባዛ አስቡበት፤ በመስመሮቹ መካከል ፉርጎ ለማንሳት ጣት ካልገባ ጨዋታው ምሬት ይሆናል።

ፕላኑን በሙሉ መጠኑ ወረቀት ላይ ማውጣት

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ቀስ በሉ።

ከፕላኑ ሥር «ግማሽ ኢንች = 1 ጫማ» ተብሎ የተጻፈው የሚሠራው ለታተመው ገጽ ብቻ ነው። ስልክ ላይ ሲከፈት ወይም ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ይፋለሳል። የሚታመነው ፕላኑ ላይ የተሰመረው የካሬ መረብ ነው። በአሜሪካ መጽሔት አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ካሬ 24 ኢንች፣ ማለትም 61 ሴሜ ነው። ካሬውን በማስመሪያ ለኩት። 31 ሚሜ ከሆነ 61ን ለ3.1 አካፍሉ፤ 19.7 ይመጣል። ፕላኑ ላይ ያለው 1 ሴሜ ጠረጴዛው ላይ 19.7 ሴሜ ነው ማለት ነው። መረብ ከሌለው የጠረጴዛው ርዝመት ከተጻፈበት ተነስታችሁ ያንኑ ሒሳብ ሥሩ።

ሁለተኛው ወጥመድ መገንጠያው ነው። መጽሔት ላይ ያለው ሥዕል መገንጠያውን አሳጥሮ ሊስለው ይችላል፤ ፋብሪካ የሚያመርተው ግን አይለጠጥም፣ አይጠብም። የእንግሊዙ ሐዲድ አምራች የፔኮ መካከለኛ መገንጠያ 219 ሚሜ፣ ትንሹ 185 ሚሜ ነው፤ ሁለቱም የሚገነጠሉት በ12 ዲግሪ ነው። የአሜሪካው ቁጥር 6 ደግሞ 30 ሴሜ ገደማ ይወስዳል። ፔኮ የመገንጠያዎቹን የሙሉ መጠን ሥዕል በነፃ ስለሚያወጣ አሳትሙት። ማተሚያው «በገጹ ልክ» በሚለው ላይ ከተተወ ሥዕሉን ጥቂት በመቶ ያሳንሰዋል፤ በዓይን አይታወቅም። ከማተሚያ ቤቱ ሳትወጡ በማስመሪያ ለኩት፣ 219 ካልሆነ በ100 በመቶ እንዲያትሙላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛውና ዋናው የጠፋ ርዝመት ነው። መገንጠያው ሲያልቅ ሁለቱ ሐዲዶች ከመሃል እስከ መሃል የሚራራቁት 25 ሚሜ ብቻ ነው። የኤችኦ ፉርጎ ወርዱ 34 ሚሜ ገደማ ስለሆነ እዚያ ጎን ለጎን የቆሙ ፉርጎዎች ይጋጫሉ። ሐዲዶቹ 50 ሚሜ እስኪራራቁ ድረስ በ12 ዲግሪ ሌላ 12 ሴሜ መሄድ አለባቸው። ያ 12 ሴሜ ሐዲድ አለው፣ ፉርጎ ግን አይቆምበትም። የማቆሚያውን ርዝመት ከመገንጠያው ጫፍ ጀምሮ የሚለካ ሰው 3 ፉርጎ ይይዛል ያለው መስመር 2 ብቻ ሆኖ ያገኘዋል፤ የሚያውቀውም ሐዲዱ ተመትቶ ካለቀ በኋላ ነው።

እንግዲህ ለባለ 12 ሴሜ ፉርጎ ሒሳቡ እንዲህ ነው። መመላለሻው ሎኮሞቲቭ 16 እና 3 ፉርጎ 36፣ በድምሩ 52 ሴሜ። 2 መገንጠያ 44። የጠፋ ርዝመት 12። ባለ 5 ፉርጎው መስመር 60። ድምሩ 168 ሲሆን ለጫፍና ጫፉ ማገጃ 6፣ 6 ሴሜ ሲጨመር 180 ሴሜ ይሆናል። ስፋቱ 30 ሴሜ ይበቃዋል። መመላለሻው ላይ ከ3 ፉርጎ በላይ ጥቂት ትርፍ ስጡት፤ ያለ ትርፍ የኋለኛው ጎማ የመገንጠያው ተንቀሳቃሽ ምላስ ላይ ይቀራል፣ ምላሱም አይዞርም። ትርፉ ግን አንድ ሙሉ ፉርጎ ከሆነ 4 ይገባና ጨዋታው ይቀልላል። ግማሽ ፉርጎ፣ ማለትም 6 ሴሜ፣ ልኩ ነው፤ ከማገጃው ጀርባ ከተተወው ቦታ ይወሰድ።

ይህንን ሁሉ በፍሊፕ ቻርት ወረቀት ላይ አውጡት። 2 ወይም 3 ወረቀት በፕላስተር ተያይዞ 180 ሴሜ ይሞላል። የታተሙትን የመገንጠያ ሥዕሎች ለጥፉ፣ የቀረውን በረጅም ማስመሪያ አስምሩ። ፉርጎ የማይቆምበትን ቦታ በቀይ ቀለም ቀቡ።

በካርቶን ፉርጎ ማጫወት

ከፓስታ ካርቶን 12 በ3.4 ሴሜ የሆኑ 8 ቁራጮች ቆርጣችሁ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ጻፉባቸው፤ ለሎኮሞቲቩ አንድ ባለ 16 ሴሜ ጨምሩ። ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግታችሁ 5ቱን በረጅሙ፣ 3ቱን ከአጭሮቹ በአንዱ ላይ አሰልፉ፤ አንዱ አጭር መስመር ባዶ ይሁን። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት ተጫወቱበት። እዚህ የሚገኘው ስህተት ዋጋው አንድ ወረቀት ነው። አንዱ መስመር ፉርጎ አልያዘ ካለ፣ እጃችሁ ከአንዱ ጎን ካልደረሰ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የመብራት ማብሪያ መደርደሪያው በሚመጣበት ቦታ ከሆነ አሁን ይታያል። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ በታሰበው ከፍታ ለጥፋችሁም እዩት።

መደርደሪያው

9 ሚሜ ኮምፖልሳቶ፣ ከሥሩ በ2 በ5 ሴሜ እንጨት ፍሬም። እንጨቱ ደረቅ ይሁን፤ ከእንጨት ቤት እርጥቡን የባሕር ዛፍ ሞራሌ ገዝቶ ያሠራ ሰው በወሩ የተጣመመ መደርደሪያ ይኖረዋል። ደሴ ላይ የክረምቱ ጉም ቤት ድረስ ስለሚገባ ኮምፖልሳቶውን ከላይም ከታችም ከጠርዝም ቀለም ቀቡት። አንዱን ፊት ብቻ ከቀባችሁት ባልተቀባው በኩል እርጥበት ጠጥቶ ይቆለመማል።

ከፍታውን 115 ሴሜ አካባቢ አድርጉት። የመጽሔቱ ፎቶ ያንን ያህል የሚማርከው ካሜራው ዝቅ ብሎ ስለቆመ ነው፤ የ1.7 ሜትር ሰው ዓይን በ1፡87 ከመሬቱ 2 ሴሜ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ያንኑ ሥራ ጉልበት ላይ አስቀምጣችሁ ከላይ ብታዩት ጣሪያ ብቻ ነው የሚታያችሁ። ከፍ ያለ መደርደሪያ ፊት ወንበር ስባችሁ ስትቀመጡ ግን ኮንቴይነሮቹ ከዓይናችሁ ትይዩ ይቆማሉ። በውሃ ልክ ለኩ፤ ተዳፋት ከሆነ ፉርጎዎቹ ራሳቸው ይንከባለላሉ።

ሐዲዱና ኤሌክትሪኩ

ያገለገለ ሐዲድ ካገኛችሁ ማግኔት አስጠጉበት። ከተጣበቀ ብረት ነው፣ ይዝጋል፤ ለደሴ ክረምት አይሆንም። ኒኬል ሲልቨር የሚባለው አይጣበቅም፣ እሱን ያዙ። ሐዲዱን በወረቀቱ ላይ ባለው መስመር ሚስማር ምቱ። በመጋጠሚያው ላይ ግማሽ ሚሜ ክፍተት ተዉ፤ በጣታችሁ ስትዳብሱት ጥርስ ካለው በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ከመገንጠያው ምላስ ሥር ኮላ እንዳይገባ።

ኃይሉ 12 ቮልት ዲሲ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ስብስብ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የኛ 220 ላይ ሲሰካ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። «ግቤት 120 ቮልት» ብቻ ካለ አስቀምጡት፤ በምትኩ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚገኝ ባለ 12 ቮልት 1 አምፔር አዳፕተር፣ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያና ባለ ስድስት እግር መቀያየሪያ ማብሪያ ግዙ። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ባለ 12 ቮልት የሶላር ወይም የሞተር ሳይክል ባትሪም በሚገባ ይሠራል። ባትሪ ግን ሐዲዱ ላይ የወደቀ ሚስማር ቢያገኝ ሽቦውን እስኪያቀልጥ ድረስ ይሰጣል፤ ከባትሪው ጎን ባለ 1 አምፔር ፊውዝ ሳታደርጉ አታገናኙ።

ለኢንግልኑክ ሁለት ሽቦ ብቻ ይበቃል፣ ሁለቱም መመላለሻው ላይ ይያያዙ። የመገንጠያው መሃል ፕላስቲክ ከሆነ ባለ ሁለት አክስል ትንንሽ ሎኮሞቲቮች እዚያ ላይ ይቆማሉ። ስታስመጡ በአራቱም አክስል ኤሌክትሪክ የሚወስደውን ጠይቁ። ሐዲድ ከመቸንከራችሁ በፊትም በቴስተር ፈትኑ።

መልክዓ ምድሩ

ሁሉንም አትሥሩት። ደሴና ኮምቦልቻ በከፍታ 600 ሜትር ገደማ ይለያያሉ፤ በ1፡87 ወደ 7 ሜትር ነው፣ ከጣሪያ በላይ። ተራራውን ከኋላ ባለው ሰሌዳ ላይ በቀለም ሳሉት፤ የቅርቡን ቡናማና አረንጓዴ፣ የሩቁን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ። የፊተኛውን ጉብታ ብቻ በነጭ ፎምና በጄሶ ሥሩ።

ለሐዲዱ ጠጠር የቦርከና አሸዋ ጥሩ ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሻይ ማጥለያ ይነፋ፤ ትክክለኛው መጠን ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሜ ነው። ከዚያ በወረቀት የተጠቀለለ ማግኔት ደጋግማችሁ አሳልፉበት። ባዛልት ከሞላበት አገር የሚወርድ አሸዋ ውስጥ ጥቁር፣ ማግኔት የሚስበው ደቃቅ አለ፤ ካልወጣ የሎኮሞቲቩ ሞተር ስቦ ያስገባውና ይበላዋል። የሚጣበቀው በ1 እጅ ኮላ፣ 3 እጅ ውሃና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ነው፣ በሲሪንጅ። ሳሙናው ከሌለ ውሃው ይኳለልና አሸዋውን ይገፋዋል።

ኮንቴይነሮቹን ከካርቶን ራሳችሁ ሥሩ። ባለ 40 ጫማው በ1፡87 ርዝመቱ 14.0፣ ወርዱ 2.8፣ ቁመቱ 3.0 ሴሜ ነው። ባለ 20 ጫማው ርዝመቱ 7.0 ሲሆን 12 ሴሜ ፉርጎ ላይ የሚጫነው እሱ ነው፤ ባለ 40ዎቹ መሬት ላይ ይደርደሩ። የግድግዳውን ሽንትር ባዶ እስክሪብቶ በማስመሪያ እየጎተታችሁ አውጡት፣ በየ3 ሚሜው።

ጨዋታው

ከ1 እስከ 8 የተቆጠሩ ካርዶች በውዙና 5 አውጡ። በወጡበት ተራ 5ቱን ፉርጎዎች በረጅሙ መስመር ላይ አሰልፉ፤ ወደ መመላለሻው ከ3 በላይ ጎትቶ መውጣት የለም። ሊወጣ የሚችለው ሰልፍ 6,720 ዓይነት ነው። ስንት ጊዜ እንደተመላለሳችሁ ከካርዶቹ ተራ ጋር በደብተር ጻፉ፤ ያንኑ ተራ ሌላ ቀን በጥቂት ምልልስ ለመጨረስ ሞክሩ። ሎኮሞቲቩ መንገጫገጭ ሲጀምር ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ሐዲዱን አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁ ጥቁር መስመር ይዞ ከወጣ ምክንያቱ እሱ ነው።