የውድድር ዝናር ችግርና መፍትሄ፦ መያዣውን ከመርገማችሁ በፊት ቀበቶውን እዩ

ጥይቱ ለጠመንጃችሁ ልክ ነው፣ ዘለበቱን አጥብቃችኋል፣ የውድድሩንም ደንብ አንብባችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እዚህ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው። በሾትገን (ፍሬ በሚረጨው ጠመንጃ) ውድድር ሰዓቱን የሚበላው ተኩሱ ሳይሆን ማጉረሱ ነው። ከበርሜሉ ስር ያለው የጥይት ቱቦ 8 ወይም 9 ጥይት ይይዝ ይሆናል፤ ዙሩ ግን ከ20 በላይ ሊጠይቅ ይችላል። የቀረው ሁሉ የሚመጣው ከወገባችሁ፣ ቀበቶው ላይ ከሚታሰረው የጥይት መያዣ ነው።

እጃችሁ ጥይቱን ያጣዋል

ይሄ ዋናው ነው። ስለ ዝናር ከሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ ዞሮ ዞሮ ይዘውት የሚመጡት ይህንኑ ነው።

ቆማችሁ ስትለማመዱ አራቱን ጥይት አንድ ላይ መንጭቃችሁ ታወጣላችሁ። ያምራል። ውድድር ላይ ሮጣችሁ ስትቆሙ ግን እጃችሁ ሦስት ይዞ ይመጣል፣ አራተኛው መሬት ላይ ነው። ወይም ጣታችሁ የመያዣውን ጠርዝ ይመታና ሁሉም ይበተናል። ወደ ታች ስታዩ መያዣው ከላይ በኩል ከሆዳችሁ ተላቆ ወደ ውጭ አጋድሏል።

ታዲያ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚረግመው መያዣውን ነው። አንድ የማውቀው ተኳሽ በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት መያዣ ቀያየረ። መጀመሪያ ፕላስቲክ፣ ቀጥሎ አሉሚኒየም፣ ከዚያ ደግሞ ከአሉሚኒየሙም ውዱን። ሁሉም አጋደለ። አሉሚኒየሙ እንዲያውም ባሰበት፣ ምክንያቱም ከፕላስቲኩ ይከብዳል። ቀበቶውን አስፈትቼ በእጄ ስይዘው ለሱሪ የሚሆን ለስላሳ ቀበቶ ነው! ለመያዣው ያን ሁሉ ብር ያፈሰሰ ሰው ለቀበቶው ምንም አላወጣም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። 28 ግራም እርሳስ የያዘ የ12 ጌጅ (ጌጅ የበርሜል ስፋት መለኪያ ነው) ጥይት ከነቀለሃውና ከነባሩዱ ከ40 ግራም ያልፋል። 24 ጥይት ስትታጠቁ ወደ 1 ኪሎ ተሸከማችሁ ማለት ነው፣ መያዣው ራሱ ሳይቆጠር። ይህ ክብደት ደግሞ ሆዳችሁ ላይ ተለጥፎ አይቀመጥም። ከቀበቶው ወደ ፊት ወጣ ብሎ ነው የሚንጠለጠለው። ወደ ፊት በራቀ ቁጥር ቀበቶውን የመጠምዘዝ ጉልበቱ ይጨምራል። ለስላሳ ቀበቶ እሺ ብሎ ይዞራል፣ ደረቁ አይዞርም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ቀበቶውን ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ እንደ እርጥብ ልብስ ጭመቁት። በቀላሉ ከተጠማዘዘ መልሱት። ከዚያ በጠርዙ አቁማችሁ አንዱን ጫፍ ብቻ ያዙት። ሌላው ጫፍ ወዲያው ወደ መሬት ካጎነበሰ እሱንም መልሱት። ሻጩ «ሲለበስ ይደርቃል» ቢላችሁ አትስሙ። ቀበቶ ሲለበስ ይለሰልሳል እንጂ አይደርቅም።

መፍትሄው ድርብ ቀበቶ ነው። ውስጠኛው ስስ ነው፣ ሱሪው ላይ እንደማንኛውም ቀበቶ ይገባል፣ ፊቱ ቬልክሮ ነው። ውጭኛው ደረቅ ሆኖ መያዣዎቹ የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው፤ ዙሪያውን ከውስጠኛው ጋር ስለሚጣበቅ ወደ ታችም ወደ ውጭም መሄጃ የለውም። ስትለኩ ውስጠኛውን ታጥቃችሁ በላዩ ላይ ለኩ። ሱሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። በድጋሚ፣ የሱሪውን ቁጥር አትመኑ፤ በዚያ ቁጥር አዝዞ ዘለበቱ አልገናኝ ያለው ሰው ብዙ ነው።

ቀበቶ ቀይራችሁም ማጋደሉ ካልቆመ የመያዣውን ማሰሪያ እዩ። የውድድር ቀበቶ ብዙ ጊዜ 38 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ማሰሪያው ለ44 ሚሊ ሜትር የተሠራ ከሆነ 6 ሚሊ ክፍተት ይቀራል። መያዣው በዚያ ክፍተት ውስጥ ይወዛወዛል። ትክክለኛውን ማሰሪያ ማግኘት ካልቻላችሁ ስስ ደረቅ ፕላስቲክ ወይም የቆዳ ቁራጭ ወትፉበት፣ ይበቃል። ቬልክሮው ሣርና አቧራ ከያዘም አይጣበቅም፤ በጠንካራ ብሩሽ አራግፉት።

የማይሠራውንም ልንገራችሁ። ቀበቶውን ትንፋሽ እስኪያጥራችሁ ማጥበቅ አይሠራም። በገመድ ማሰር ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። አንዱ መያዣውን ከታች በገመድ ከጭኑ ጋር አስሮት መጣ። ቆሞ ሲያጎርስ በእውነት ያምር ነበር። ዙሩ መሃል ተንበርክኮ ሲነሳ ግን ገመዱ ቀበቶውን ጎትቶ ጥይቱን አሸዋ ላይ ዘራው። ቱቦው ባዶ፣ ሁለት የብረት ዒላማ ቆሞ ቀረ። ዳኛው ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ስትሮጡ ጥይት ይወድቃል

እዚህ ላይ መያዣው ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ጥይት ቀይራችኋል? የጥይት መቀመጫ፣ ማለትም ከታች ያለው ብረቱ፣ አንዱ ናስ ነው፣ ሌላው ናስ መሳይ ቅብ ያለው ብረት ነው። ቁመቱም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ለዓይን ምንም የማይመስለው ልዩነት ለመያዣው ትልቅ ነው። ማጥበቂያ ብሎን ካለው በምትወዳደሩበት ጥይት መጠን አስተካክሉት። ብሎን ከሌለውና ፕላስቲኩ ከላላ ጣሉት። የላላ ፕላስቲክ በሙቅ ውሃ እየነከራችሁ ልታጠብቁ የምትሞክሩ አላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

ከዚያ ሞክሩት፦ ዝለሉ፣ ተንበርከኩ፣ ሮጣችሁ ቁሙ። ይህን ሁሉ ባሩድም ማቀጣጠያም በሌለው የልምምድ ጥይት አድርጉት። በእውነተኛ ጥይት ቤት ውስጥ እየዘለለ የሚሞክር ሰው አለ፤ ምን እንደምለው አላውቅም። አሸዋ ላይ የወደቀ ጥይትም ዙሩ መሃል አንስታችሁ አታጉርሱ። አሸዋው ቱቦው ውስጥ ገብቶ ቀሪውን ቀን ያበላሽባችኋል።

ጥይቱ አልወጣም ይላል

አዲስ ፕላስቲክ ከሆነ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ሻካራ መስመር አለው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አንሱት። ዘይት አትቀቡ። ዘይት የነካ ጥይት ከጣት ያመልጣል፣ አቧራም ይሰበስባል።

የቀሩት በአጭሩ

ላስቲክ ቀለበት ያለው ዝናር ጥይት እንደያዘ ከከረመ ይላላል፤ ውድድር ሲያልቅ አውጡት። ቆዳ ዝናር ውስጥ የከረመ ናስ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ብሎን ከላላ ተመልሶ የሚፈታውን ዓይነት የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጉ፣ ግን ፕላስቲኩን አታስነኩ፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቀዋል። መያዣው ስታጎነብሱ ሆዳችሁን ከወጋ ወደ ጎን አሽሹት፤ የዳሌ አጥንት ላይ ግን አታሳርፉት። ባለ አንድ እርሳሱን ጥይት ከባለ ብዙ ፍሬው ጋር በአንድ መያዣ አትቀላቅሉ፣ በጥድፊያ መሃል ጣት አይለየውም።

ዝናሩ ውስጥ የ20 ጌጅ ጥይት ተቀላቅሏል

ይሄ ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ሲደርስ ግን ሰው ይጎዳል። የ20 ጌጅ ጥይት ከ12ቱ ይቀጥናል፤ ስለዚህ በ12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ጥይት የሚቀመጥበትን ክፍል አልፎ በርሜሉ ውስጥ ይሰነቀራል። ከኋላ ስታዩት ባዶ ይመስላል። በላዩ የ12 ጌጅ ጥይት አጉርሳችሁ ከተኮሳችሁ በርሜሉ ይፈነዳል፣ ያውም ግራ እጃችሁ ያለበት አካባቢ። የ20 ጌጅ ጥይት አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው፣ ግን ቢጫ የ12 ጌጅ ጥይትም ስላለ በቀለም ብቻ አትለዩ፣ መቀመጫው ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። ሁለቱንም ዓይነት ጠመንጃ የምትይዙ ከሆነ በአንድ ቦርሳ አታስቀምጧቸው። የተዋሳችሁትን ዝናር አራግፋችሁ እንደገና ሙሉት። አጉርሻለሁ ብላችሁ ስትስቡት ቀጭ ብቻ ካለ ሌላ ጥይት አትጨምሩበት። አፈሙዙን ወደ ዒላማው አቅጣጫ እንደያዛችሁ ቁሙና ዳኛውን ጥሩ፣ ጠመንጃው ተራግፎ በርሜሉ ክፍት መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ያ ዙር አልቋል።