ስለ ወጣት ጥፋተኞች የዕድሜ ልክ እስራት ስትከራከሩ እባካችሁ እነዚህን አትሳሳቱ

"ከ18 ዓመት በታች ሆነው ከባድ ወንጀል የፈጸሙ ዕድሜ ልክ ሊታሰሩ ይገባል።" በዚህ ርዕስ ላይ ስንት ጊዜ እንደዳኘሁ መቁጠር ትቻለሁ። የክርክር ውድድር ዳኝነት ማለቴ ነው፤ ካባ የለበስኩ ዳኛ አይደለሁም። ርዕሱ ገና ሲነበብ ማን ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። ደጋፊው ስለ ሟች ቤተሰብ ያወራል። ተቃዋሚው ስለ አንጎል ያወራል። ሰዓቱ ያልቃል፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ይለያያሉ። ባለፈው ሳምንትም ይኸው ተደገመ። እንግዲህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

"ዕድሜ ልክ" ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ አለመናገር

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል።

ቃሉ ያታልላል። ሲሰሙት እስኪሞት ድረስ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ቅጣቶች አሉ። በአንደኛው እስረኛው የተወሰነ ዓመት ከታሰረ በኋላ አመክሮ ይጠይቃል። ይጠይቃል ነው ያልኩት፣ ይወጣል አላልኩም። በሁለተኛው ጥያቄውን የሚሰማ ሰው የለም። ገብቷል፣ አለቀ።

የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 37 የሚከለክለው ሁለተኛውን ነው። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ለተፈጸመ ወንጀል የሞት ቅጣት አይፈረድም፤ የመለቀቅ ዕድል የሌለው የዕድሜ ልክ እስራትም አይፈረድም ይላል። "የመለቀቅ ዕድል የሌለው" የሚሉትን ቃላት ቆርጣችሁ "ዓለም ዕድሜ ልክን ከልክሏል" የምትሉ ተቃዋሚዎች አላችሁ። አንድ ያነበበ ሰው ከፊታችሁ ከተቀመጠ በዚያው አለቀላችሁ።

አገራቱ ራሳቸው የተለያዩ ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ የ17 ዓመት ልጅ ሰው ከገደለ ቅጣቱ የግድ ዕድሜ ልክ ነው። ግን ዳኛው ቢያንስ ስንት ዓመት እንደሚታሰር ይወስናል። ከዚያ በኋላ የአመክሮ ቦርድ ያየዋል። ቢወጣም በገደብ ነው፤ ገደቡን ከጣሰ ይመለሳል። ፍሎሪዳ ደግሞ አመክሮን ጨርሳ ስላስቀረች ዕድሜ ልክ የተባለ ልጅ ተስፋው ከአገረ ገዥው የሚመጣ ይቅርታ ብቻ ነበር። ይቅርታና አመክሮ አንድ አይደሉም። ይቅርታ ችሮታ ነው። በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰው ሳይገድል በ16 ዓመቱ በፈጸመው ዝርፊያ ምክንያት እንዲህ የተፈረደበትን የግራሃምን ጉዳይ ሲያይ፣ እንዲህ ያለ የራቀ የይቅርታ ተስፋ ቅጣቱን አያቀልለውም ብሏል። ነፍስ ላላጠፋ ታዳጊም ይህን ቅጣት ከልክሏል።

ባለፈው ሳምንት አንዱን ደጋፊ ጠየቅሁት። "አንተ በምትለው ቅጣት አመክሮ አለ?" ጓደኛውን አየ። ጓደኛው ወረቀቱን አየ። "ይኖራል… ግን አይወጣም" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ስለ የትኛው ቅጣት እንደነበር ማንም አላወቀም፤ ነጥብ ልሰጥ የተቀመጥኩት እኔም ጭምር።

ፍርዱን ከርዕሱ ብቻ ማንበብ

"አሜሪካ በ2012 ከልክላዋለች" የሚል ተከራካሪ በየውድድሩ አይጠፋም። አልከለከለችም። የዚያ ዓመቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሚለር ፍርድ የሚባለው፣ የከለከለው አውቶማቲክ የሆነውን አመክሮ የሌለው ዕድሜ ልክ ነው። ይኸውም ሕጉ ራሱ ቅጣቱን ጨርሶ፣ ዳኛው የልጁን ዕድሜና አስተዳደግ ዞር ብሎ እንዳያይ እጁን የሚያስርበትን ነው። አብሮ ከታዩት ጉዳዮች አንዱ የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ነበር። ከሁለት ልጆች ጋር የቪዲዮ መደብር ሊዘርፍ ሄዶ የተኮሰው ሌላው ነው። ለሕጉ ግን ልዩነት አልነበረውም። ዳኛው አመዛዝኖ ያንኑ ቅጣት ቢፈርድ ግን አሁንም ይችላል። በ2021 ጆንስ በተባለው ጉዳይ ፍርድ ቤቱ፣ ዳኛው "ይህ ልጅ ሊታረም አይችልም" የሚል የተለየ ውሳኔ ማስፈር የለበትም እስከ ማለት ደርሷል። ከግማሽ የሚበልጡት ግዛቶች ቅጣቱን ያስቀሩት በየራሳቸው ነው።

በመካከል በ2016 የሞንትጎመሪ ፍርድ አለ። ይህን ማንም አይጠቅሰውም፣ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ሰውዬው በ1963፣ በ17 ዓመቱ ፖሊስ ገድሎ ታሰረ። በ2016 የሚለር ፍርድ ወደኋላ ተመልሶ እንዲሠራለት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ አሸነፈ። ታዲያ በማግስቱ ወጣ? አልወጣም። የአመክሮ ቦርዱ ሁለት ጊዜ መለሰው። የወጣው በ2021 ነው፤ 75 ዓመቱ ነበር።

ደጋፊዎች "አመክሮ ከፈቀድን ገዳይ በነጋታው ሰፈር ይመለሳል" ሲሉ ተቃዋሚዎች ይህን ታሪክ ለምን እንደማያነሱት አይገባኝም።

አንጎልን እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ አስማት መጠቀም

"አንጎል እስከ 25 ዓመት አይበስልም።" እሺ። ታዲያ 24 ዓመት የሆነውስ? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ፊታቸው ላይ የማየው ድንጋጤ ያሳዝነኛል። መልስ እኮ አለው። ማሳቹሴትስ ውስጥ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2024 አመክሮ የሌለውን ዕድሜ ልክ እስከ 20 ዓመት ላሉትም ከልክሏል። ክርክራችሁ የሚወስዳችሁ ወደዚያ ከሆነ ሳትሸሹ ሂዱ።

ደግሞም ሁሉም ነገር አንድ አይደለም። የ16 ዓመት ልጅ ተረጋግቶ ሲያስብ ከአዋቂ ብዙ አያንስም። የሚያንሰው ሲናደድ፣ ሲቸኩልና ጓደኞቹ ሲያዩት ነው። በ2005 የወጣ ጥናት ሰዎችን ብቻቸውንና ከጓደኞቻቸው ጋር የመኪና ጨዋታ አስጫውቶ ነበር። ታዳጊዎቹ ጓደኛ አጠገባቸው ሲቀመጥ አደጋ መድፈራቸው በጣም ጨመረ። አዋቂዎቹ ብዙም አልተለወጡም። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ስለታቀደ ግድያ እየተከራከራችሁ "በስሜት ተገፋፍቶ ነው" አትበሉ። የቡድን ዝርፊያ ከሆነ ግን ነጥቡ የእናንተ ነው።

የሚመቸውን ልጅ መርጦ ሌላውን መደበቅ

ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ።

በ1993 ሊቨርፑል አጠገብ ሁለት የ10 ዓመት ልጆች የሁለት ዓመት ሕፃን ገደሉ። እኔ ደጋፊ ወገን ነበርኩ። ልጆቹ በ2001 ተለቀቁ አልኩ፤ ከተለቀቁት አንዱ ደግሞ በሕፃናት ላይ በሚፈጸም የወሲብ ጥቃት ምስሎች ምክንያት ሁለት ጊዜ ወደ እስር ተመለሰ አልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አሸነፍን።

ያልተናገርኩት ሁለተኛውን ልጅ ነው። ወንጀሉ ያው፣ ፍርድ ቤቱ ያው፣ የተለቀቁበት ዓመት ያው። እሱ ግን እንደ ጓደኛው ወደ እስር ተመልሶ አልተሰማም። በ1993 ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ "ይሄኛው ይመለሳል፣ ያኛው አይመለስም" ሊል የሚችል ሰው ከየት ይመጣ ነበር? ከርዕሱ ሥር ያለው ጥያቄ ይህ ነው፤ እኔም ለዋንጫ ብዬ ሸጥኩት። ውሳኔው በችሎቱ ቀን፣ ልጅ እያለ ያልቃል ወይስ ቆይቶ አንድ ሰው እንደገና ያየዋል? ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ አፌ ይያዝ ነበር።

የዚህ ስህተት ወንድም ቁጥር ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ በታዳጊነታቸው ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው ከ2016ቱ ፍርድ በኋላ የተለቀቁ 174 ሰዎች ተጠንተው ነበር። ጥናቱ እስከተሠራበት ጊዜ እንደገና የተፈረደባቸው ሁለት ብቻ ናቸው። ተቃዋሚዎች ይህን ሲያገኙ ይፈነጥዛሉ። ግን ብዙዎቹ ሲወጡ 50 ዓመት አካባቢ ናቸው፣ 30 ዓመት ያህልም ታስረዋል። ቁጥሩ "አምስት ዓመት ይበቃል" አይልም። ቆይቶ ማየት ይጠቅማል ነው የሚለው።

ተጎጂውን ለአንድ ወገን መተው

ተቃዋሚ ሆናችሁ የሟችን እናት አንድ ጊዜ እንኳ ካላነሳችሁ፣ ጨካኝ ሳትሆኑ ጨካኝ ትመስላላችሁ። አንዲት ጎበዝ ተከራካሪ "ለእናትየው ምን ትያታለሽ?" ስትባል ማስታወሻዋን አገላበጠች። እዚያ ውስጥ አልነበረም። ደጋፊዎች ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ነገር እንደሚፈልግ አድርጋችሁ አትናገሩ። የተለየ የሚሉም አሉ።

ከዚህ የቀሩትን በአጭሩ። "ቅጣቱ ሌላውን ያስፈራል" ካላችሁ፣ የ15 ዓመት ልጅ ሕጉን የት እንዳነበበው ለመናገር ተዘጋጁ። ልጁን "አውሬ" አትበሉት። በ1990ዎቹ ርኅራኄ የሌለው አዲስ የታዳጊ ወንጀለኞች ትውልድ እየመጣ ነው ተብሎ ነበር፤ አልመጣም። ይህን ያስፋፋው ምሁር ራሱ፣ በሚለር ጉዳይ ለፍርድ ቤት በቀረበ "ትንበያው ስህተት ነበር" በሚል ጽሑፍ ላይ ስሙን አስገብቷል። እባካችሁ ደግሞ "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ብላችሁ አትጨርሱ። ስለ ሊጥ አይደለም የምናወራው።

ያ "ይኖራል ግን አይወጣም" ያለው ልጅ ከውድድሩ በኋላ ፈልጎ መጣ። "ምን ማለት ነበረብኝ?" አለኝ። ወረቀት ሰጠሁትና የምትጠይቀውን ቅጣት በአንድ መስመር ጻፍ አልኩት። ጻፈ፣ ሰረዘ። ጻፈ፣ ሰረዘ። በሦስተኛው "ዕድሜ ልክ፤ ከ25 ዓመት በኋላ ቦርድ ያየዋል" ብሎ ጻፈና ዝም ብሎ አየው።

ከዚያ ቀና አለ። "ቆይ፣ ይሄ እኮ የነሱ ሐሳብ ነው።"