ኮምፕሬሰር ስትገዙ ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ

መርካቶ ገብታችሁ ኮምፕሬሰር (አየር አምቆ ታንክ ውስጥ የሚያጠራቅም ማሽን) ስትጠይቁ ሻጩ የሚነግራችሁ ሁለት ነገር ነው፤ የፈረስ ጉልበቱንና የታንኩን ሊትር። «ባለ 2 ነው፣ 50 ሊትር» ይላል፣ ዋጋውን ይጠራል፣ አለቀ። ሥራችሁን የሚወስነው ግን ማሽኑ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚሰጥ ነው። ታንክ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ፓምፑ ደካማ ከሆነ ባለ 100 ሊትር ታንክም ቢሆን አንድ በር ቫርኒሽ ረጭታችሁ ሳትጨርሱ ግፊቱ ይወርድባችሁና ስፕሬይ ጋኑን (መርጫውን) ይዛችሁ ትቆማላችሁ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ሶፋ፣ ቁምሳጥንና የኤምዲኤፍ ኪችን ካቢኔት እንሠራለን፤ ስቴፕለሩም፣ ምስማር መምቻውም፣ ስፕሬይ ጋኑም የሚሠሩት በኮምፕሬሰር ነው።

ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ሊትር ብዙ ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው ነው። ከአየር ጎማው ጫፍ የሚወጣው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ አስነሡት። ታንኩ ባዶ ይሁን፣ መውጫዎቹ ይዘጉ፣ የስልካችሁን ሰዓት አውጡና ከ0 ተነሥቶ 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያዙ። የታንኩን ሊትር በ8 አባዙና ለደቂቃው አካፍሉ። ባለ 24 ሊትር ታንክ በ2 ደቂቃ ከሞላ፣ 24 በ8 ሲባዛ 192፣ ለ2 ሲካፈል 96 ሊትር በደቂቃ ነው። ላዩ ላይ 200 ተብሎ ቢጻፍም የእናንተ ማሽን 96 ነው። ሰዓት ስታወጡ ፊቱ የሚለዋወጥ ሻጭ አለ፤ ግድ የለም። «አሁን መብራት የለም» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ የሚወርድበት ሌላም ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ፓምፑ በአንድ ምት የሚስበው አየር የሳሳ ነው ማለት ነው። ያንኑ ማሽን ድሬዳዋ ብትወስዱት ቶሎ ይሞላል። ሞተሩም ቢሆን በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀቱን በደንብ አያነሳለትም። እዚህ አገር ኮምፕሬሰር ያለ ዕረፍት ሲሠራ ከዋለ ይቃጠላል የምንለው ያለ ነገር አይደለም። ለሠራበት ጊዜ ያህል አሳርፉት፤ ደቂቃ ሠርቶ ደቂቃ ካላረፈ ማሽኑ ለሥራችሁ አንሷል።

የሶፋ ስቴፕለርና ምስማር መምቻ አየር አይበሉም፣ ትንሹ ባለ 24 ሊትር ይበቃቸዋል። ስፕሬይ ጋን እንደ ዓይነቱ ከ150 እስከ 350 ሊትር በደቂቃ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ጋኑን ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍጆታ አንብቡ፣ አነስተኛውን ምረጡ። በአየር የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት ማሽን ደግሞ ያለ ማቋረጥ ነው የሚስበው። እሱን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ገዝታችሁ ተገላገሉ።

ሞተሩ ከፓምፑ ጋር በቀጥታ የተያያዘው ዓይነት ቀላል ነው፣ ታክሲ ላይ ይጫናል፣ ግን በደቂቃ 2,800 ገደማ እየዞረ ሰፈሩን ያደነቁራል። ቺንጋ ያለው ዝግ ብሎ ስለሚዞር ብዙ አይግልም፣ ዕድሜም አለው፤ ቫርኒሽ ለሚረጭ ሰው እሱን እመክራለሁ። ዘይት የማይፈልገው ድምፁ ዝቅ ያለው ደግሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ካቢኔት ስትገጥሙ ከጎረቤት ጋር አያጣላችሁም።

አሁን ማሽን ስለሚገድለው ዋና ነገር ላውራ፤ መብራት። ኮምፕሬሰር ሞልቶ በራሱ ሲቆም «ጺስስ» የሚል አጭር ድምፅ ትሰማላችሁ። ፓምፑ ራስ ላይ የቀረው አየር መውጣቱ ነው። ቀጥሎ ሲነሣ ሞተሩ ቀሎት ይነሣል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ማብሪያው እንደበራ ስለሚቀር ያ አየር አይለቀቅም። መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ግፊት ተሸክሞ ሊነሣ ይታገላል፣ ያጉረመርማል፣ ብሬከር ካልጣለለት ሞተሩን የሚያስነሣው ካፓሲተር ወይም የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ ይቃጠላል። እኛ ቤት ደንቡ አንድ ነው፤ መብራት ከጠፋ ለኮምፕሬሰሩ የሚቀርበው ሰው መጀመሪያ ቀዩን ማብሪያ ወደ ታች ይጫናል። ጺስታውን ሳይሰማ ወደ ሌላ ሥራ አይሄድም። ሶኬት ነቅሎ ማጥፋትም ያው ነው፣ አታድርጉት።

ቀጭን ኤክስቴንሽን ሁለተኛው ገዳይ ነው። ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ሞተር ሲነሣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል፤ ረጅምና ቀጭን ገመድ ላይ ቮልቴጁ ወርዶ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ማሽኑ ግድግዳው ሶኬት አጠገብ ይቀመጥ፣ የሚረዝመው የአየር ጎማው ይሁን። የግድ ከሆነ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ያለው ኤክስቴንሽን አስሩለት፣ ተጠቅልሎም አይቀመጥ።

ውሃው ቀጥሎ ይመጣል። አየር ሲታመቅ ይግላል፣ ታንክ ውስጥ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ውሃ ይጥላል። ክረምት ላይ ረዳቴ ማታ ከታንኩ ሥር ቆርቆሮ ደቅኖ ቫልቩን ሲከፍት የሚወርደው ነገር የከረመ ሻይ ይመስላል፤ ቀለሙ ዝገት ነው። በየማታው ግፊቱ 1 ወይም 2 ባር ሲቀር ክፈቱት፣ ደረቅ አየር ብቻ እስኪወጣ ጠብቁ፣ ከዚያ ባዶውን ተከፍቶ ይደር። የውሃ ማጣሪያውን ታንኩ አፍ ላይ የሚገጥሙ አሉ፤ እዚያ አየሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ውሃው በእንፋሎትነቱ ያልፋል። ጎማው ሜትሮች ከሄደ በኋላ፣ ወደ ጋኑ ቀረብ አድርጋችሁ ግጠሙት። ይህን ያላደረገ ሰው ቫርኒሹ ላይ ነጭ ደመና ሲያይ ቀለም ሻጩን ይረግማል።

ዘይቱን ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ሳይነሣ በመስታወቱ እዩ፤ ልኩ ቀዩ ነጥብ ነው። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ቀይሩት። የመኪና ዘይት አታድርጉ፤ ውስጡ ያለው ማጽጃ ውሃውን ከዘይቱ ጋር ያደባልቀዋል፣ ቫልቮቹ ላይም ጥላሸት ያስቀምጣል። የኮምፕሬሰር ዘይት ብላችሁ ጠይቁ። የአየር ማጣሪያው እኛን የመሰሉ ቤቶች ውስጥ በሰጋቱራ ቶሎ ይደፈናል፤ ፈታችሁ አራግፉት፣ ማሽኑንም ከመሰንጠቂያው አርቁት። ከቀለም መርጫው ክፍልም ይውጣ። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ወለሉን ይሄዳል፣ የኮምፕሬሰሩ ማብሪያ ደግሞ በተነሣና በቆመ ቁጥር ብልጭ ይላል።

ማሽኑ ቆሞ እያለ ያ «ጺስስ» ካላቋረጠ ታንኩ መግቢያ ላይ ያለው አየር የማይመልሰው ቫልቭ ቆሽሿል ማለት ነው። ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ ፍቱት፤ ብዙ ጊዜ የቫልቩን ጎማ መጥረግ ይበቃል። ሌሊቱን ግፊት የሚወርድ ከሆነ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀቡ፣ አረፋ የነፋውን ፈትታችሁ ቴፍሎን ጠቅልሉበት። የደኅንነት ቫልቩን ቀለበት በየጊዜው ሳብ አድርጉት፤ አየር ተፍቶ መልሶ ካልዘጋ ቀይሩት። እዚያ ቦታ ቡሎን አጥብቆ የደፈነ ማሽን ካያችሁ አትቅረቡት።

አሮጌ ለመግዛት ምናለሽ ተራ የምትወርዱ፣ ከሞተሩ በፊት የታንኩን ሆድ እዩ። ገልብጡት። ከሥር አዲስ ቀለም፣ የብየዳ ጠባሳ ወይም ማስቲሽ ካለ ተዉት። ከውስጥ የበላው ታንክ አንድ ቀዳዳ ሲያወጣ ዙሪያው ሁሉ ሳስቷል፤ በያጅ አንዱን ቢደፍን ቀጣዩ 8 ባር ይዞ ይፈነዳል። የራሳችሁ ታንክ እዚህ ከደረሰ ሞተሩንና ፓምፑን ነቅላችሁ ሌላ ታንክ ላይ አስገጥሙ። አሮጌውን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ግን አየሩን ጨርሳችሁ አውጡና በግራይንደር ለሁለት ቁረጡት፤ አለዚያ ቀለም ተቀብቶ ተመልሶ ይሸጣል።