ሽጉጤ በ22 ጥይት ለምን ይነክሳል? ችግርና መፍትሄ

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ መለማመጃ ሄጄ አንድ ካዝና 9 ሚሊ ስጨርስ ቀድሞ የሚታወሰኝ ኪሴ ነው። በዛሬው ገበያ የ9 ሚሊዋ ጥይት አንዷ 25 ሳንቲም ገደማ ናት። የ22ቷ፣ ማለትም ትንሿ የ.22 ካሊበር ጥይት፣ 8 ሳንቲም ብትሆን ነው። የ9 ሚሊውን ሽጉጥ 22 እንዲተኩስ የሚያደርገው የመቀየሪያ ኪት የሚገዛው ለዚሁ ነው። እጀታውና ቃታው ያው የሽጉጡ ናቸው፤ ስላይዱ (ከላይ ወደኋላና ወደፊት የሚሄደው ክፍል)፣ አፈሙዙ፣ ስላይዱን የሚመልሰው ሞላና ካዝናው ይቀየራሉ። ኪቱን በ350 ዶላር ብትገዙት ወደ 2,000 ጥይት ላይ ዋጋውን ይመልሳል። ነገሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው መሣሪያ አምራች ኮልት 1911 ለተባለው ሽጉጡ እንዲህ ያለ ኪት የሸጠው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው።

ግን ያስቸግራል። ሲያስቸግር ደግሞ ሁሉም ኪቱን ይረግማል። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ጥይቱን ቀይሩ፣ ቀጥሎ አጽዱ፣ ኪቱን መጨረሻ ጠርጥሩ። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ግን ካዝናውን አውጡ፣ ስላይዱን ሳቡ፣ ውስጡ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ።

ቃታው ተሳበ፣ "ቀጭ" አለ፣ ጥይቱ ከሸፈ

ቶሎ አትክፈቱት። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞራችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ። አንዳንዴ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ከዚያ አውጡትና የቀለሁን ጠርዝ እዩ።

የ9 ሚሊ ጥይት የሚመታው ቂጡ መሀል ላይ ነው። የ22 ግን ማቀጣጠያው ዙሪያውን ጠርዙ ውስጥ ተጠቅጥቋል፤ መርፌውም የሚመታው ጠርዙን ነው። ማቀጣጠያው አንዱ ጋ ሳስቶ ከቀረና መርፌው እዚያው ካረፈ፣ ያው ከሸፈ። ምቱ ጠለቅ ብሎ የሚታይ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። የከሸፈ ጥይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ጣሉት።

ምቱ ጭረት ብቻ ከሆነ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንዱ ቆሻሻ ነው፤ ጥይቱ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ቀርቶ መርፌው ሲመታው ወደፊት ይሸሻል። ሌላው የራሳችሁ እጅ ሥራ ነው። እንደ 1911 እና እንደ ቼኩ ሲዜድ 75 ባሉ ሽጉጦች መቺውና መቺውን የሚገፋው ሞላ ያሉት እጀታው ውስጥ ነው። ቃታው እንዲለሰልስ ብላችሁ ቀለል ያለ ሞላ አስገብታችሁ ከሆነ፣ 9 ሚሊውን ቢያፈነዳም 22ቱን ላያፈነዳው ይችላል። የፋብሪካውን ሞላ መልሱ።

በባዶው ቃታ መሳብም ይቅር። ብዙ የ22 መሣሪያ ላይ መርፌው ጥይት ሲያጣ የአፈሙዙን የኋላ ጠርዝ፣ ጥይቱ የሚገባበትን፣ ይመታል። እዚያ ላይ ትንሽ ጉድፍ ከወጣ ጥይቱ መግባትም መውጣትም ያስቸግረዋል።

ቀለሁ ሳይወጣ ስላይዱ ነከሰው

ብዙ ሰው የሚማረረው በዚህ ነው። 22 ጉልበቱ ትንሽ ነው። ስላይዱን ወደኋላ የሚገፋው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው የብዙ ኪት ስላይድ ከቀላል አሉሚኒየም የሚሠራው። ያም ሆኖ ዝግተኛ ጥይት አይበቃውም። ሲሲአይ የተባለው ኩባንያ ስታንዳርድ የሚለው ጥይት ሳጥኑ ላይ 1,070 ጫማ በሰከንድ ይላል፤ ሚኒ ማግ የሚለው ደግሞ 1,235። ለኪት የሚሆነው እንደ ሁለተኛው ያለ፣ እርሳሱ 40 ግሬን (2.6 ግራም ገደማ) የሚመዝን፣ መዳብ የተቀባ ፈጣን ጥይት ነው።

ይህን የተማርኩት በውድ ነው። ድምፁ ዝቅ ይላል ብዬ 500 ዝግተኛ ጥይት ገዛሁ። ከሦስት አንዱ ይነክሳል። ኪቱን ሁለቴ ፈታሁት፣ ሞላ ቀየርኩ፣ ከሸጠልኝ ሰው ጋር በኢሜይል ተነታረክሁ። አጠገቤ የሚተኩሱ አንድ አዛውንት ሲያዩኝ ቆይተው ከራሳቸው ሳጥን አሥር ጥይት ቆጥረው ሰጡኝ። አሥሩም ያለ ምንም እንከን ሄዱ። እንዴት እንዳፈርኩ!

ጥይቱ ጥሩ ሆኖም ከነከሰ እጃችሁን እዩ። የእጅ አንጓ ከላላ ሽጉጡ አብሮ ወደኋላ ይሄድና ስላይዱ ጉዞውን አይጨርስም። ጨበጥ አድርጉት።

ከዚያ ጽዳት። 22 ቆሻሻ ነው፤ እርሳሱ ሰም የተቀባ፣ ባሩዱ ጭሳም። ሁለት ሦስት መቶ ጥይት ተኩሳችሁ ጥይት የሚጎርሰውን ቀዳዳ በባትሪ ብታዩት እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁሯል። በነሐስ ብሩሽና በማጽጃ ፈሳሽ ፈግፍጉት፣ አድርቁት፣ ስላይዱ በሚሄድበት መስመር ጠብታ ዘይት ይበቃል። ዘይት ካበዛችሁ ጥላሸቱ ጭቃ ይሆናል። እርሳስ ነውና እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ እንዳትበሉ።

አዲሱ ጥይት አፍንጫውን ደፍቶ ቆመ

ካዝናው ነው። የ22 ቀለህ ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። የላይኛው ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ፊት መቀመጥ አለበት፤ ከኋላው ካረፈ ይቆላለፋሉ። የጎኑን ቁልፍ እስከ ታች አትሳቡት፤ አንድ ጥይት በሚያስገባ ልክ ብቻ ዝቅ እያደረጋችሁ አንድ በአንድ ሙሉ።

ድምፁ "ጵስ" ብሎ ቀረ

አቁሙ። ሁለተኛ እንዳትተኩሱ። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላው ሌላ ቢመጣበት አፈሙዙ ሊፈነዳ ይችላል። ጥይቱን አራግፉ፣ አፈሙዙን አውጥታችሁ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ እዩ። ከተዘጋ ለጠመንጃ ሠሪ ስጡት።

ጥቃቅኑ

የመጨረሻው ጥይት አልቆ ስላይዱ ተከፍቶ ካልቀረ መመሪያውን አንብቡ፤ ሲሠሩም ተከፍተው እንዲቀሩ ያልተደረጉ ኪቶች አሉ። ከኢላማው ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ከመታ የኪቱን ማነጣጠሪያ አስተካክሉ። የ9 ሚሊው ማነጣጠሪያ ከራሱ ስላይድ ጋር ሳጥን ውስጥ ስላለ፣ ስትመልሱት እንደነበረ ታገኙታላችሁ።