ሻጋታ ተከላካዩ እርሾ ደርቆ አልነቃ ሲል

በፊት ፒኪያ አኖማላ፣ አሁን ዊከርሃሞማይሲስ አኖማለስ የሚባል እርሾ አለ። ስዊድን ውስጥ፣ ኡፕሳላ ያለው የግብርና ዩኒቨርሲቲ ጄ121 የተባለውን ዝርያ ብዙ አጥንቶታል። አየር በማያስገባ ጎተራ የተከማቸ እርጥብ የመኖ እህል ላይ ሲጨመር፣ በዋናነት በሚያመነጨው ኤቲል አሲቴት በተባለ በቀላሉ የሚተን ኬሚካል ሻጋታውን ያፍነዋል። ሽታው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይመስላል። ዋናው ጣጣ ግን እህሉ ላይ እስኪደርስ እርሾውን በህይወት ማቆየት ነው፤ ለዚህም ይደርቅና ኋላ በውሃ ረጥቦ እንዲነቃ ይደረጋል።

ደርቆ አልነቃም? መጀመሪያ በእርግጥ መሞቱን እዩ። ሜቲሊን ብሉ ከሚባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ አንድ ጠብታ ጨምሩበትና በማይክሮስኮፕ ተመልከቱ። የሞተው ሴል ሰማያዊ ይሆናል፣ በህይወት ያለው ቀለሙን አይዝም። አብዛኛው ሰማያዊ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከማድረቂያው በፊት ነው፤ እርሾው ገና በፍጥነት እየተባዛ ሳለ ተሰብስቧል ማለት ነው፣ እንዲህ ያለው ሴል ደግሞ ድርቀት አይችልም። ምግቡን ጨርሶ እድገቱ እስኪቆም ጠብቁት። ከዚያ ትሬሃሎዝ የሚባለውን ስኳር ቀላቅላችሁ አድርቁት፤ ውሃው ሲወጣ የሴሉን ሽፋን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው።

ሌላው ስህተት ማርጠቢያው ላይ ነው። እባካችሁ የደረቀ እርሾ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ! ሽፋኑ ገና ሳይጠገን የሴሉ ውስጥ ነገር ፈስሶ ይወጣል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ይንቃ፣ ከዚያ እህሉ ላይ ይረጭ።

መጀመሪያ ደህና ነበር፣ በኋላ እየደከመ መጣ? እርጥበት፣ አየር ወይም ሙቀት ነው። አየሩ በተመጠጠ የፎይል ከረጢት፣ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን አሽጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ አስቀምጡት። የእናት ዘሩን፣ ማለትም ሌላውን የምታራቡበትን እርሾ፣ ደግሞ ሴሉን ከቅዝቃዜ ጉዳት ከሚከላከለው ግሊሰሮል ጋር በትንንሽ ብልቃጥ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አኑሩ። አንዴ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

እርሾው ህያው ሆኖ እህሉ ከሻገተስ? ጎተራው ያፈሳል። ክዳኑን፣ ስፌቱን፣ አይጥ የበሳውን ቀዳዳ ፈትሹ። ፔኒሲሊየም ሮኬፎርቲ የሚባለው ሻጋታ በጣም ትንሽ ኦክስጅን ይበቃዋል፣ ቀዳዳ ካገኘ ደግሞ እርሾው ብቻውን አይችለውም።

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን ለጤፍ ወይም ለበቆሎ ያሰባችሁ ካላችሁ ግን አልመክርም። እርሾው የሚሰራው እርጥበት ሲያገኝ ነው፣ በደንብ የደረቀ እህል ላይ ተኝቶ ይቀራል። እኛ ጋ እህሉን በደንብ አድርቆ አየር በማያስገባ ከረጢት ማሰር ይሻላል። የእንጀራ እርሾም በዚህ ቦታ አይተካም፣ እሱ የብዙ ተህዋስያን ድብልቅ ነው።

እህሉ አስቀድሞ ሻግቶ ከሆነ በእርሾ ለማዳን አትሞክሩ። እንደ አፍላቶክሲን ያለው የሻጋታ መርዝ በመቀቀልም በመጋገርም አይጠፋም። ለከብትም አትስጡት።