ከባቢሌ እስከ ቀፊራ፦ ዘላቂ የአቅርቦት ሰንሰለትን በአንድ ጆንያ ኦቾሎኒ ማስተማር

ድሬዳዋ ራሷ የአቅርቦት ሰንሰለት፣ ማለትም ዕቃ ከአምራቹ እስከ ተጠቃሚው የሚያልፍበት ጉዞ፣ የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር፤ ተራራው አላስወጣ ቢለው በ1902 (እ.ኤ.አ.) ከታች ሜዳው ላይ ደረሰ፣ ጣቢያውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። እዚህ ተቀምጦ ኦፕሬሽንና ሎጂስቲክስ የሚያስተምር ሰው ምሳሌ ፍለጋ ጃፓን ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም። ብዙዎቻችን ግን እንሄዳለን። የመጀመሪያው ቀን ስላይድ ላይ የ1987ቱ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን የዘላቂ ልማት ትርጉም ይለጠፋል፣ ሦስት ክብ (ኢኮኖሚ፣ ማኅበረሰብ፣ አካባቢ) ይሳላል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ መልሶ ይጽፈዋል። በቃ።

እኔ የምከተለው መንገድ አራት ሳምንት፣ አንድ ሚዛን እና አንድ ጆንያ ኦቾሎኒ ይፈልጋል። ስላይዱ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

አንደኛ፣ ዕቃውን ምረጡ

ርካሽ ይሁን፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚኬድ ይሁን። ቡና ያጓጓል፤ ግን የሐረር ቡና ግማሽ መንገዱ ከባሕር ማዶ ስለሆነ ተማሪው በእግሩ አይደርስበትም። የአወዳይ ጫት የፍጥነት ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ ተቆርጦ ነገ ካልተሸጠ ዋጋ የለውም። ሆኖም እዚያ ገበያ ደብተር ይዞ የሚጠይቅ ወጣት ወዳጅ አያፈራም። ኦቾሎኒ ግን ባቢሌ፣ ፈዲስና ጉርሱም ይበቅላል፣ ሐረርን ያልፋል፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ላይ ተቆልቶ በስኒ ይሰፈራል። ስለ እሱ ቢጠየቅም ማንም አይቆጣም።

ሁለተኛ፣ ክፍል ውስጥ መዝኑ

ከነቅርፊቱ 10 ኪሎ ግዙ። ከመፈልፈላችሁ በፊት ሁሉም ተማሪ ስንት ኪሎ ፍሬ እንደሚወጣው ይገምትና ወረቀት ላይ ይጻፍ። ግምት ያልጻፈ ሰው ውጤቱ አይገርመውም። ብዙውን ጊዜ ወደ 7 ኪሎ ይወጣል፤ ከዚያ ዝቅ የሚልም አለ። ቀሪው ቅርፊት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጣሉ፦ ባቢሌ ላይ ተፈልፍሎ ቢጫን አይሻልም ወይ? «አዎ» የሚሉት ይበዛሉ፤ መኪናው ለምን ቅርፊት ይሸከማል? ሌላውን ወገን ግን እናንተ ያዙላቸው። ቅርፊቱ ተፈጥሮ የሰጠችው ማሸጊያ ነው፣ የተፈለፈለ ፍሬ ቶሎ ይበላሻል፣ ቅርፊቱም እዚያው መንደር ለማገዶ የሚሆን ነገር ነው። ክርክሩ ይሙቅ፤ ዳኝነት አትስጡ።

ሦስተኛ፣ ሰንሰለቱን ከኋላ ወደ ፊት ሳይሆን ከፊት ወደ ኋላ ተከተሉ

የተለመደው ስህተት ከገበሬው መጀመር ነው። ገበሬው ምርቱ የት እንደሚደርስ አያውቅም፤ እያንዳንዱ ሻጭ ግን ከማን እንደገዛ ያውቃል። ስለዚህ ከቀፊራዋ ቆይ፣ ማለትም ኦቾሎኒ ቆልታ ከምትሸጠው ሴት፣ ተነሱ፤ እሷ ወደ ጅምላ ነጋዴው፣ እሱ ወደ ሐረር፣ ሐረር ወደ ባቢሌ ሰብሳቢ፣ ሰብሳቢውም ወደ ማሳው ይመራችኋል። ምርት በሚሰበሰብበት በጥቅምትና ኅዳር ብትሄዱ ሁሉንም በዓይናችሁ ታያላችሁ።

በየቡድኑ ኦሮምኛ የሚችል ተማሪ ይኑር፤ ባቢሌ ገበያ ላይ ሶማልኛም ይጠቅማል። «ስንት ታተርፋለህ?» ብሎ የሚጀምር ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል። «የተበላሸ ዕቃ ሲመጣብህ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ስለ ትርፉ ዝም ይላል፣ ስለ ኪሳራው ግን ሲያወራ ይውላል።

አራተኛ፣ ውኃው ላይ ቁሙ

ለኔ የትምህርቱ ልብ ይህ ነው፤ ከአራቱ ሳምንት አንዱን ሙሉ ስጡት።

ደረቅ ኦቾሎኒ ሲፈለፈል ፍሬው ለሁለት ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ከመፈልፈሉ በፊት ውኃ ይረጩበታል። ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ፍሬው ሳይሰበር ይወጣል፣ ሚዛን ላይም ከበድ ይላል። በኦፕሬሽን ቋንቋ ብልኃት ነው፦ ብክነት ቀነሰ፣ ጥራት ጨመረ፣ ገቢ አደገ። የሚረጨውን ሰው ክፉ አድርጋችሁ አታቅርቡት፤ በሱ ቦታ ብንሆን አብዛኞቻችን እንረጭ ነበር።

ችግሩ እርጥብ ፍሬ ጆንያ ውስጥ ሲታፈን ሻጋታ ማብቀሉ ነው። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ታሪኩን ንገሯቸው፦ በ1960 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ዶሮ መሰል ወፎች አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከብራዚል በመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ውስጥ ተገኘ፤ አፍላቶክሲን የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቦታ የበቀለ ሻጋታ ባሕር ተሻግሮ ሒሳቡን ሌላ ሰው ከፈለ።

ከዚያ ሙከራውን ሥሩ። ከነቅርፊቱ ሁለት ቦታ አምስት አምስት ኪሎ ውሰዱ። አንዱን ውኃ ረጭታችሁ አንድ ሰዓት ሸፍኑ፣ ሌላው ደረቅ ይሁን። ሁለቱንም ፈልፍሉ፣ የተሰበረውን ቁጠሩ፣ መዝኑ። ከየአንዱ እፍኝ እፍኝ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ አስራችሁ ሁለት ሳምንት ጥግ ላይ አስቀምጡ። ላስቲኩን አትፍቱት፣ ፍሬውንም ማንም አይቅመስ። አንድ ነገር ግን አስረግጣችሁ ተናገሩ፦ ሻጋታው ይታያል፣ መርዙ አይታይም። ንጹሕ የሚመስል ፍሬም ሊይዘው ይችላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ ለተጨማሪ ዝግጅት በሚሄድ ኦቾሎኒ ላይ የሚፈቅደው በአንድ ኪሎ 15 ማይክሮ ግራም ነው፣ አውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለሚበላው 4 ብቻ። ማይክሮ ግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ በቀፊራ ሚዛን የሚለካ አይደለም።

አምስተኛ፣ ጭሱን አስሉ

ተማሪዎች የአካባቢ ብክለት ሲባል መጀመሪያ የሚወቅሱት አይሱዙውን ነው። ያስሉት። ከባቢሌ ድሬዳዋ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መኪናው በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል፤ 18 ሊትር ናፍጣ ማለት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፣ ስለዚህ ወደ 49 ኪሎ። 50 ኩንታል ከጫነ ለአንድ ኪሎ 10 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። ባዶውን ከተመለሰ እጥፍ፣ ከአሥሩ ኪሎ ሦስቱ ቅርፊት ከሆነ ደግሞ ለአንድ ኪሎ ፍሬ ወደ 28 ግራም። ትክክለኛውን የናፍጣ ፍጆታ ሾፌሩን ጠይቀው ይተኩት፤ የደንገጎን ተራራ በሚጠምዝ መንገድ የሚወርድ መኪና ሜዳ ላይ እንደሚሄደው አይደለም።

ከዚያ ወደ ቆይዋ ምጣድ ይመለሱ። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በአንድ ኪሎ ከሰል 10 ኪሎ ኦቾሎኒ ተቆላ ቢባል እንኳ ለአንድ ኪሎ 300 ግራም ገደማ ነው፤ ከናፍጣው አሥር እጥፍ በላይ። የቆይዋን ከሰል ራሳቸው መዝነው ያረጋግጡ። ክፍሉ ጸጥ የሚለው እዚህ ጋ ነው፤ ወቀሳው ከትልቁ መኪና ወደ ትንሿ ምድጃ ሲዞር።

ስድስተኛ፣ ሁለት ዓምድ

አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ሁለት ዓምድ። በግራ የተከፈለ ገንዘብ፦ ግዢ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ደላላ፣ ማጓጓዣ፣ ከሰል፣ ፌስታል። በቀኝ ዋጋው ውስጥ ያልገባና ሌላ ሰው የከፈለው፦ የበላተኛው ጉበት፣ የቆይዋ ዓይንና ሳንባ፣ የተቆረጠው ዛፍ፣ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ የሚጠራቀመው ፌስታል። ለቀኙ ብር አታስገድዷቸው። ማን እንደከፈለ ስሙን መጻፍ ይበቃል።

ሰባተኛ፣ አንድ ለውጥ፣ ከነከፋዩ

ፖስተር አልቀበልም። «ግንዛቤ መፍጠር» የሚል ሐሳብም አልቀበልም። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ለውጥ ያቅርብ፣ ማን እንደሚከፍልበትም ይጻፍ፣ ከዚያ ከፋዩ ፊት ቆሞ ያስረዳ። በእጅ የሚዞር መፈልፈያ፣ ማሳ ላይ ማድረቂያ ሸራ፣ ከሰል የሚቆጥብ ምድጃ፣ ሲነቀንቁት ቅርፊቱ ውስጥ የሚንኳኳ ደረቅ ኦቾሎኒ ላመጣ ተጨማሪ ብር፤ ሁሉም ይሞከራል።

አንዴ አንዲት ተማሪ ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ይዛ ጅምላ ነጋዴ ጋ ሄደች። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማት። «አቦ፣ ጥሩ ብለሻል» አላት። «ደረቁን ጨምሬ ልግዛ። እርጥቡንስ እኔ ብመልሰው ማን ጋ ይሄዳል? ጎረቤቴ ጋ። እሱም ከኔ አርክሶ ይሸጣል።»

ተማሪዋ መልስ አልነበራትም። ይህን ጥያቄ ክፍል ይዛ የመጣች ዕለት ነው ስላይዱን የከፈትኩት።